ሁለት ስምንት ይዤ የተነሳሁበት ቅዳሜ

እኔ መጠበቅ የማልችል ሰው ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ የቀረውን አታምኑኝም። ሻይ እስኪበርድልኝ አልጠብቅም፣ ምላሴን አቃጥላለሁ። አውቶቡስ አምስት ደቂቃ ከዘገየ በእግሬ እጀምራለሁ፣ ከዚያ መሀል መንገድ ላይ አውቶቡሱ ጥሎኝ ያልፋል። እናቴ ነፍሷን ይማርና «አንተን የወለድኩህ በሰባት ወር ነው፣ ያኔም ቁጭ ማለት አልቻልክም» ትለኝ ነበር።

ጊዜው የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ዕድሜዬ ሃያ ዘጠኝ። ኦክላንድ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ፣ የምሠራው ሳንታ ክላራ፣ የኮምፒዩተር ሰሌዳ ከሚገጣጥም ፋብሪካ ነው። አልጠጣም፣ አላጨስም፣ እሑድ እሑድ ቸርች ቀድሜ ገብቼ ወንበር እደረድራለሁ። ሰው ሁሉ «ዳዊት እኮ ጨዋ ልጅ ነው» ይለኛል። አንድ ነገር ብቻ ነበረችብኝ፤ ካርታ።

ሳን ሆዜ ውስጥ ሕጋዊ የካርታ ቤት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ውድድር ይደረጋል፤ ሁሉም እኩል ቺፕ፣ በገንዘብ ፋንታ የሚቆጠር ክብ ፕላስቲክ፣ ይዞ ይቀመጣል፣ ቺፑ ያለቀበት ይነሳል፣ እንዲህ እንዲህ እየተባለ አንድ ሰው እስኪቀር ነው። ፖከር ይሉታል። በሥራ ባልደረባዬ በኩል ገባሁበት፣ ከዚያ ባልደረባዬ ተወው፣ እኔ ቀረሁ። ደህናም እጫወት ነበር፣ ትዕግሥት እስከሚጠይቅ ድረስ።

ሶስና ይህን ስታውቅ ልትተወኝ ነበር። ሶስና ያኔ ሳን ሆዜ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን፣ ስትቆጣ ግን ምንም የማትሸፍን ልጅ ናት። «ወይ እኔ ወይ ካርታ» አለችኝ። «አንቺ» አልኳት። ማልኩ። አምስት ወር ሙሉ እዚያ ቤት ደጃፍ አልደረስኩም፤ ይህ እውነት ነው። ስድስተኛው ወር ላይ ሽማግሌ ላክሁ።

አባቷ ጋሽ ግዛው ይባላሉ። አገር ቤት ናዝሬት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ካስትሮ ቫሊ ይኖራሉ፣ የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው፣ ሲጸልዩ ድምፃቸው ሕንፃውን ይሞላዋል። ሳንታ ክላራ ቢሮ ነው የሚሠሩት ይባላል፤ ክራቫት አስረው ይወጣሉ፣ ክራቫት አስረው ይገባሉ። እኔ ፊታቸው ስቆም እጄን የማደርግበት ይጠፋኝ ነበር። ሶስናን ሊሰጡኝም ሊከለክሉኝም የሚችሉት እሳቸው ናቸው። እሳቸው እምቢ ካሉ እሷ አባቷን ረግጣ አትመጣም፤ ይህንንም ነግራኛለች።

ሽማግሌ የሚሄደው ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ሆነ። እንደምታውቁት አስለማኙ እዚያ አይደርስም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እኔና ቁጭ ብሎ መጠበቅ! የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ከበደ፣ የእናቴ የአክስት ልጅ፣ ታክሲ ነጂ፣ ጸባዬን ስለሚያውቁ በጠዋት ደወሉልኝ።

«ዳዊት፣ ቤትህ ነህ?»

«ቤቴ ነኝ ጋሼ።»

«እዚያው ሁን። የትም እንዳትሄድ። ስንጨርስ ኮል አደርግልሃለሁ።»

«እሺ ጋሼ።»

ማቀዝቀዣውን አጠብኩ። የማልለብሰውን ሸሚዝ ሁለት ጊዜ ተኮስኩ። መስኮት ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ሰዓቱን ባየው ገና ሁለት ተኩል ነው። አሥር ሰዓት እስኪደርስ አብዳለሁ አልኩ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ወደ ሳን ሆዜ የሚወስደው ፍሪዌይ ላይ ነበርኩ። መሪው ራሱ ወሰደኝ ብል ውሸት ነው፤ እኔ ነኝ የጠመዘዝኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። ለራሴ ያልኩት «ዛሬ ብቻ፣ ሰዓቱን ለመግደያ» ነው። ስንት ሰው በዚህች ቃል እንደጠፋ እናንተም ታውቃላችሁ።

ጨዋታው አራት ሰዓት ተጀመረ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከተቀመጡት አብዛኞቹ ወጥተው ሁለት ጠረጴዛ ሰው ቀርቷል። ቺፔ መካከለኛ ነው። ትይዩዬ ሚስተር ሃይ ተቀምጧል፤ ጡረታ የወጣ ቬትናማዊ፣ ዝምተኛ፣ ከድሮ ጀምሮ ያውቀኛል። ካርታ ጥበቃ ያስተማረኝ እሱ ነበር። ካርታህ ላይ ሁልጊዜ የሆነ ነገር አስቀምጥ፤ እጅህ ወይ ሳንቲምህ ካላረፈበት፣ ካርታ አዳይዋ የተጣለ መስሏት ልትሰበስበው ትችላለች፣ ከተሰበሰበ ደግሞ ሞተ። ይህ የቤቱ ሕግ ነው። እኔ ለዚሁ ብዬ የአገር ቤት ሃያ አምስት ሳንቲም በኪሴ እይዝ ነበር።

ካርታ ታደለ። ጫፉን ገለጥ አድርጌ አየሁ፤ ስምንት እና ስምንት። ቀድሞ ተናጋሪው ደግሞ እኔ ነኝ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። በዚህ ነገር ትልቁ ቁም ነገር የያዝከው ካርታ ብቻ አይደለም፤ ማን ቀድሞ ይናገራል የሚለው ነው። መጨረሻ የሚናገረው የሁሉንም ሰምቶ፣ የሁሉንም ፊት አይቶ ነው አፉን የሚከፍተው። ቀድሞ የሚናገረው ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ሁለት ስምንት ደሞ ክፉ ካርታ ነው፤ እንዳትጥለው ያሳሳሃል፣ እንዳትተማመንበት ያንስሃል። አዋቂ ሰው በዚያ ቦታ ሲሆን ወይ በቀስታ ይጥለዋል፣ ወይ በትንሹ ገብቶ ይታገሣል። ትዕግሥት! ለእኔ!

ቺፕ ጨምሬ ገባሁ። ሰው ሁሉ ጣለ፣ መጨረሻ ላይ ሚስተር ሃይ ብቻ ተከተለኝ። አዳይዋ ሦስት ካርታ መሀል ላይ ዘረጋች፤ ሰባት፣ አራት፣ ሁለት። ሁሉም ከእኔ ስምንት በታች! አሁንም ቀድሞ ተናጋሪው እኔ ነኝ። እሱ ምን እንደያዘ አላውቅም፣ ምን እንደሚል አላውቅም፣ ካስትሮ ቫሊ ደግሞ ከሦስት ሰዓት በኋላ ጋሽ ግዛው ምን እንደሚሉ አላውቅም። አላውቅም አላውቅም እያልኩ አንጎሌ ዞረ። በቃ ይለይ አልኩና «ኦል ኢን» ብዬ ቺፔን በሙሉ ገፋሁት።

ሚስተር ሃይ ማሰብ ጀመረ። ሰውዬው ሲያስብ ጺሙን እየነካ ነው፣ እኔ ደግሞ እየሞትኩ ነው። እጄ ሥራ ፈለገ። ሳላስበው ሳንቲሟን ከካርታዬ ላይ አነሳሁና ጠረጴዛው ላይ ማሽከርከር ያዝኩ።

ያኔ ከኋላዬ «ኤክስኪውዝ ሚ፣ ሰር» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በክርኔ በኩል አንድ እጅ መተርኮሻውን ሊያነሳ ገባ። ድምፁን አውቀዋለሁ። እሑድ እሑድ ቸርች የሚሞላው ድምፅ ነው።

ዞርኩ። ጋሽ ግዛው ናቸው። ክራቫታቸውን አስረዋል፣ በላዩ ላይ የጽዳት ሠራተኞች ቀይ ሰደርያ ደርበዋል፣ ትሪ ሙሉ ቆሻሻ መተርኮሻ ይዘዋል።

ክው አልኩ። ነገር ግን ሰው ክው ሲል ያደገበት ነው የሚቀድመው። ማን አሰበ? ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍትሬ ብድግ አልኩ፣ ሁለት እጄን ዘረጋሁ፣ ጎንበስ አልኩና ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ እስኪዞር ድረስ «ኖር!» አልኩ።

ለዚህ ቃል መልሱ አንድ ነው፤ «በእግዜር» ይባላል። ጋሽ ግዛው ግን አልመለሱም። ፊታቸው አመድ መሰለ። «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» ብቻ አሉ፣ በሹክሹክታ።

በዚያችው ቅጽበት ሚስተር ሃይ «ኮል»፣ እቀበላለሁ ማለት ነው፣ ብሎ ቺፑን ገፋ። አዳይዋ ቀና ብትል እኔ ቆሜያለሁ፣ እጄ ሌላ ቦታ ነው፣ ሁለት ካርታ ያለ ጠባቂ በክንዴ ተገፍተው ወደ እሷ ሄደዋል። የጣልኩ መስሏት ሰብስባ ከተጣሉት ላይ ጨመረቻቸው። ያኔ ኦል ኢን ሲባል ካርታ ገልጦ ማሳየት ግዴታ አልነበረም፣ ምን እንደያዝኩ ያየ የለም።

«ኧረ! የኔ ናቸው!» ብዬ ጮህኩ። ጉድ ፈላ። የወለሉ ተቆጣጣሪ ተጠራ፤ ቁጡ፣ ወፍራም፣ ቁልፍ በቀበቶው ያንጠለጠለ ሰው። አዳይዋ የሆነውን ነገረችው። ሰውዬው መጀመሪያ ያየው እኔን ሳይሆን ጋሽ ግዛውን ነው።

«ስንት ጊዜ ነው የሚነገርህ? ጨዋታ ላይ እያሉ ጠረጴዛ አትጠጋ አላልኩህም? ይኼ ሁለተኛህ ነው» አላቸው። አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተርን እንዲህ ሲናገራቸው መስማት አንጀቴን በላው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ስማ። ይኼ ሰውዬ ነክቶህ ወይ ረብሾህ ከሆነ ንገረኝ። ካርታዎቹ ከተጣሉት የላይኞቹ ናቸው፣ አውጥቼ እመልስልሃለሁ። ራስህ ከሆንክ ግን ሕጉ ሕግ ነው፣ ወጥተሃል።»

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ በእኔ ቦታ ሁኑና ፍረዱ። አንድ ቃል ነው የምፈልገው። «አዎ፣ ገፋኝ» ብል ስምንቶቼ ይመለሳሉ፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ደግሞስ ከኋላዬ መጥተው እጃቸውን ማስገባታቸው ውሸት ነው? ጋሽ ግዛውን አየኋቸው። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል፣ አይለምኑኝም፣ ትሪው ላይ ያሉት መተርኮሻዎች ግን እየተንቀጫቀጩ ነው። አሁንም ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ። እሳቸው አሥር ሰዓት ላይ ነው የሚናገሩት።

«አልነካኝም» አልኩ። «እኔ ነኝ የተነሳሁት።»

«ለምን ተነሳህ?»

በእንግሊዝኛ ለዚህ ምን ይባላል? «ትልቅ ሰው ስለመጣ» ብል ማን ይገባዋል? «አባቴ ነው» አልኩት።

ተቆጣጣሪው አንዴ እኔን አንዴ ቀይ ሰደርያውን አየ። ትከሻውን ሰበቀና «ወጥተሃል» አለ።

ሚስተር ሃይ ካርታውን ገልጦ አሳየኝ። ኤስ እና ኪንግ፤ ትልልቅ ናቸው፣ ግን እንደ ስምንቶቼ ጥንድ አይደሉም። እስከዚያች ደቂቃ እየመራሁ ነበር ማለት ነው። ሁለት ካርታ ገና ይወጣ ነበር፣ ያሸንፈኝ ወይስ ላሸንፈው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰውዬው ግን ቺፑን ከመሰብሰቡ በፊት «በእኛም አገር እንነሳለን» አለኝና አንገቱን ዝቅ አደረገ።

ወጥቼ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ላይ ተደግፌ ቆምኩ። ጋሽ ግዛው ስምንት ሰዓት ላይ ሰደርያውን አውልቀው ወጡ። አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ሳልንቀሳቀስ ጠብቄያለሁ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር መሰለኝ።

«አንተ እዚህ እንደምትመጣ ሶስና ታውቃለች?» አሉኝ፣ ሰላምታም ሳይሰጡኝ።

«ትቻለሁ ብያታለሁ። ትቼም ነበር። ዛሬ… ዛሬ መጠበቅ አቃተኝ ጋሼ።»

«ዋሸሃት።»

«ዋሸኋት።»

ከዚያ ሳይጠየቁ «ቢሮው ከተዘጋ ዓመት አለፈው» አሉ። «ሌላ ፈለግሁ፣ በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል? እዚህ ከገባሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ባለቤቴም አታውቅ፣ ልጄም አታውቅ።»

እኔ ሞኙ ነገር ያሳመርኩ መስሎኝ «ከእኔ አፍ አይወጣም ጋሼ፣ ይመኑኝ» አልኳቸው።

ተቆጡ! «ምን ማለትህ ነው? ዝም ልበልዎት፣ ዝም ይበሉልኝ ነው? ልጄን በዝምታ ልትለውጠኝ ነው?»

«ኧረ በጌታ! እንደሱ ማለቴ አይደለም።»

«ቤትህ ሂድ» አሉኝ። «ሽማግሌ ይመጣብኛል፣ ልታጠብ።» መኪናቸው ውስጥ ገቡና ሄዱ። በቃ አለቀልኝ አልኩ። ቁማርተኛ መሆኔን በዓይናቸው አይተዋል፣ በዚያ ላይ ውርደታቸውን አይቻለሁ። የትኛው አባት ነው ውርደቱን ላየ ሰው ልጁን የሚሰጥ?

ኦክላንድ ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አሥር ሰዓት ሆነ፣ አሥራ አንድ ሆነ። ስልኩ ይሠራ እንደሆነ እያነሳሁ አየዋለሁ፣ ከዚያ ልክ አሁን ደውለው ተይዞ ይሆናል ብዬ እደነግጣለሁ። ክፍሏን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስረግጥ የታችኛው ጎረቤት ኮርኒሱን በመጥረጊያ ደበደበብኝ። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ጋሽ ከበደ ደወሉ።

«ዳዊት፣ አንተ ምን ያለኸው ጉድ ነህ?»

«ምን አሉ? እምቢ አሉ?»

«ቆይ አትቸኩል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ገባን፤ ተቀመጡ አሉን፤ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አልን። ልናገር አፌን ስከፍት ‹ቆዩ፣ እኔ ልቅደም› አሉ። በሽምግልና ዘመኔ የልጅቷ አባት ቀድሞ ሲናገር አይቼ አላውቅም! ባለቤታቸውን ጠሩ፣ ሶስናን ጠሩ። ‹ልጄን የሚጠይቅ የማንን ልጅ እንደሚጠይቅ ይወቅ› አሉና ቢሮው መዘጋቱን፣ ካርታ ቤት መተርኮሻ እንደሚያነሱ፣ ሁሉን ተናገሩ። ወይዘሮዋ አለቀሱ።»

«ስለ እኔስ?»

«ያንተንም አወጡት። ‹ዛሬ እዚያ ቁማር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት› አሉ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ግን ምን አሉ መሰለህ? ‹የሚቀመጥበትን ቦታ አልወደድኩለትም። ለማን እንደሚነሳ ግን አይቻለሁ። በእኔ በኩል እሺ ብያለሁ፣ የቀረው የእሷ ነው› አሉ።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ሶስናስ?»

«ሶስና ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። በሩንም ዘጋች።»

እሑድ ቸርች አላየችኝም፤ ማለቴ አይታኝ እንዳላየች አለፈችኝ። ሐሙስ ዕለት ደወለች።

«ሁለት ውሸታም በአንድ ቀን!» አለች። ድምፅዋ ሻክሯል። «አባባ አባቴ ነው፣ አልመረጥኩትም፣ ይቅር ብዬዋለሁ። አንተን ግን ልመርጥህ ነው የነበረው። እሱን ምን ልበለው?»

«ሶስዬ፣ እኔ…»

«ስማኝ። ታይም እፈልጋለሁ። ኮል እንዳታደርግልኝ። ሥራ ቦታዬ እንዳትመጣ። ሰው እንዳትልክብኝ። ጠብቅ።»

«እስከ መቼ?»

«እሱን አልነግርህም።»

ምን እንደፈረደችብኝ ታውቃለች። አርባ አንድ ቀን ጠበቅሁ። ስልክ አንስቼ ቁጥሯን እስከ መጨረሻው ዲጂት ደርሼ የዘጋሁባቸውን ቀናት አልቆጥርላችሁም። ቅዳሜ ጠዋት ሲመጣ እጄ ይበላኛል፤ ሳንቲሟን ይዤ ወጥቼ ኦክላንድ መሀል ያለውን ሐይቅ እዞራለሁ፣ እዞራለሁ፣ እግሬ ሲዝል እገባለሁ። አለቀስኩም፤ ምን አሳፍሮኝ እደብቃለሁ? ከሁለቱ ውሸታሞች አንዱ ይቅር ተብሏል፣ ሌላው ደጅ ቆሟል። ግን ካርታ ቤቱን አልረገጥኩም፣ ስልኩንም አልደወልኩም።

ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ ስለ ቁማር ልመክራችሁ አይደለም፤ ምክሩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔን የቀየረኝ ጋሽ ግዛው ቀድመው መናገራቸው ነው። የመጨረሻ ተናጋሪ ነበሩ እኮ! የሁላችንንም ካርታ አይተዋል፣ ዝም ብለው «ልጁ ቁማርተኛ ነው፣ እምቢ» ቢሉ ማን ይጠይቃቸዋል? የራሳቸውንም ምስጢር ማንም አያውቅባቸውም ነበር። እኔ ቀድሜ የምናገረው መጠበቅ ስላቃተኝ ነው፤ እሳቸው ግን የራሳቸውን ካርታ ወደው ገልጠው አስቀመጡት። ብዙ ጊዜ እሱን እያሰብኩ እፈራለሁ፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን አደርገው ነበር ወይ እላለሁ። እናንተስ?

በአርባ ሁለተኛው ቀን ሶስና ደወለች። «ቅዳሜ ምሳ ና ብሎሃል አባባ» አለች።

«አንቺስ?»

ስትስቅ ሰማኋት፤ አፏን በእጇ ሸፍና እንደሆነ በስልክም ያስታውቃል። «ወጡን እኔ ነኝ የምሠራው። እንዳትቀድም፣ እንዳታረፍድም» አለችኝ።

ቅዳሜ ካስትሮ ቫሊ ሄድኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ ቀድሜ ስለደረስኩ መኪናዬ ውስጥ ሰዓቱ እስኪሞላ ተቀመጥኩ። ሶስና በር ከፈተችልኝ፣ ሳሎን አስቀመጠችኝ፣ እሷ ወደ ኩሽና ተመለሰች። ጋሽ ግዛው ከሥራ ገና አልገቡም ነበር። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ክራቫት አላሰሩም። ቀዩን ሰደርያ አላወለቁትም፤ ያንን ለብሰው በጎረቤቱ ሁሉ ፊት አልፈው ነው የመጡት።

ብድግ አልኩ። ሁለት እጄን ዘረጋሁ። «ኖር!» አልኩ።

በሩ ላይ ቆም አሉ። ሶስና ማማሰያዋን እንደያዘች ከኩሽና ብቅ ብላ ታየናለች። እሳቸው ቀና አሉና በዚያ ቸርች በሚሞላው ድምፃቸው «በእግዜር!» አሉ። «በእግዜር፣ ተቀመጥ ልጄ።»